የቆመው እንቁላል

ሴት ልጃቸው የዲኤንኤውን ውጤት ይዛ ስትገባ፣ አሮጊቷ መቃብሩ ላይ ለሚያኖሩት የሩዝ ሳህን የተቀቀለ እንቁላል እየላጡ ነበር። ከጦርነቱ ያልተመለሰው ወንድ ልጃቸው ካንግ፣ ኳንግ ትሪ በሚባል ቦታ ጫካ ውስጥ ተገኘ ተብሎ አጥንቱ መጥቶ ከተቀበረ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር፤ እንቁላሉ አንድም ቀን አልቀረበትም።

«እማ» አለች አጠገባቸው ቁጭ ብላ፤ «አጥንቱ ከአንቺ ደም ጋር አልገጠመም። የካንግ አይደለም።» አሮጊቷ እንቁላሉን መላጥ አላቆሙም። «ያ አጥንቱን የጠቆመን ጠንቋይ፣ እጁን ይቁረጠው» አለች ልጅቷ። « ሩዝ የምንበላበትን ቀጭን እንጨት መሬት ላይ ተክሎ፣ እንቁላሉ ጫፉ ላይ ከቆመ ልጃችሁ እዚህ ነው ብሎ ሸወደን።»

«ሰውየውን አትርገሚው» አሉ አሮጊቷ። ቅርፊቱ ጣታቸው ላይ ተጣብቆ ነበር። «ሁለት ቦታ ሞክሮ እንቁላሉ ወደቀበት። ሦስተኛው ላይ፣ እናንተ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ስትጸልዩ፣ እኔ በዚች ጣቴ ጫን አደረግኩት። ቆመ። መንከራተቱ ሰልችቶኝ ነበር፣ ልጄ።»

ልጃቸው ወረቀቱን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። እንቁላሉ ከቆመበት ቀን ወዲህ ካንግን የፈለገው ሰው አልነበረም። አሮጊቷ የላጡትን እንቁላል እንደ ወትሮው ለመቃብሩ ሰው ሩዙ ላይ አኖሩና፣ ለካንግ ደግሞ ሌላ አንድ አንስተው መላጥ ጀመሩ።