ቡናማው መዳፌ

በወረዳችን እንደ እኔ ቆዳው የለመለመ ሰው የለም። የቅጠል ክሎሮፕላስት በሰው ቆዳ ላይ መትከል ከተጀመረ ወዲህ፣ መዳፎቼን ለፀሐይ ዘርግቼ ታይፎይድን በአንድ ቀትር፣ ወባን ቁርሴን ሳልጨርስ ድል አድርጌያለሁ። እርግጥ ቅጠል ተህዋሲን ሲገድል የተዋጋበትን የራሱን ቦታም አብሮ ይገድላል። የእኔም መዳፎች ቡናማ ሆነው ደንዝዘዋል። እኔ ኒሻን እላቸዋለሁ።

ትናንት ልጄ ስምረት የስድስት ወር ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። ክሎሮፕላስቱ ለሕፃን ገና አይተከልም።

«አባዬ፣ አተኩሷታል ወይስ እኔ ነኝ የፈራሁት?»

መዳፌን የሕፃኗ ግንባር ላይ አሳረፍኩ። «ደህና ናት። ሰባት ልጅ ያሳደገ እጅ አይሳሳትም።»

ባለቤቴ ወርቅያንሹ ከጓዳ ሳቀች። «በዚያ እጅ ባለፈው ሳምንት የፈላ ድስት አውርደህ ‹ለብ ብሏል› አላልክም?»

ጎንበስ ብዬ የሕፃኗን ግንባር ሳምኩ። ከንፈሬ ገና ደህና ነው። ፈጀኝ።

«ጤና ጣቢያ» ብዬ ተነሳሁ። «እኔ ልቀፋት፤ እንደ እኔ ፈጣን የለም።»

«የማይሰማው እጅ ሕፃን አያቅፍም» አለች ወርቅያንሹ። «ፀሐዩ ከሯል፤ አንተ ጃንጥላውን ያዝላት።»

ያዝኩላት። በወረዳችን እንደ እኔ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው የለም።