የኋላ ወንበር

እሁድ ጠዋት ነበር። ሞተረኞቹ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር አካባቢ ሞተራቸውን ደርድረው፣ ከጉዞ በፊት እንደ ልማዳቸው እስከዛሬ የነዱትንና የሚመኙትን በየተራ ያወሩ ነበር። ተራው ሐሩን ጋ ደረሰ።

«መጀመሪያ ኮምቦልቻ እያለሁ የአጎቴ ያማሃ ነበረች። ቀጥሎ ቦክሰር፤ ከዚያ ይቺ» አለና የሞተሩን መሪ ዳበስ አደረገ።

«የምትመኘውስ?» አለችው ሀይሚ። ለቡድኑ አዲስ ስለሆነች አታውቅም። ድሮ ይህን ጥያቄ የምትመልስለት ከኋላው የምትቀመጠው ሚስቱ ፈዲላ ነበረች። «የኋላ ወንበሯ ለኔ የሚመቸውን ነዋ!» ትልና ሁሉንም ታስቃቸው ነበር። ፈዲላ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል።

ሐሩን አንገቱን ደፋ። «በሉ እንነሳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ» አለ አንዱ ቶሎ ብሎ። ሞተሮቹ ተነሱ። ሐሩን ማርሽ ከማስገባቱ በፊት ግራ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ የፈዲላን ጉልበት ሁለቴ መታ ያደርግ ነበር፤ እሷም ተመቻችታ ስትቀመጥ ትከሻውን ሁለቴ መታ ታደርገው ነበር። እሷ ሳትመታው ከቡድኑ ጋር ተነስቶ አያውቅም። እጁ ባዶው ወንበር ላይ አረፈ። ሌሎቹ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ሲታጠፉ፣ እሱ ሞተሩ እየሠራ እዚያው ቀረ።

ሀይሚ ዞራ መጣች። «ምነው? ሄዱ እኮ።»

«ቅድም ለጠየቅሽኝ» አላት ቀና ሳይል፤ «ባለ አንድ ወንበር ነው የምመኘው።»