የጎኗ ወንበር

ተማሪዋ አብራሪ የናቪጌሽን ፈተናውን ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ያለፈችው በስንት መከራ ነው። የበረራ አስተማሪዋን ካፒቴን መንግስቴን ግን ማለፏም አላስደሰተው። ዛሬም ከጎኗ ተቀምጦ እየበረሩ አፉ አላረፈም።

«መሪ ነው የያዝሽው ወይስ ዶማ? አንቺን ያሳለፈ ሰው እግዜር ይይለት!»

ጥርሷን ነክሳ ታበርራለች። አሳረፈች፣ ተነሳች፣ ደግማ አሳረፈች። ከመንደርደሪያው እንደወጡ «አቁሚ!» ብሎ ጮኸባት። «በቃኝ፤ ልውረድ!»

ቀበቶውን ፈታ፤ ወርዶ በሩን በላይዋ ላይ ደረገመው።

በቃ፣ ተባረርኩ አለች በሆዷ። ያን ሁሉ ያጠናሁት ለዚህ ነው? እንባዋን ዋጥ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

«አንቺ ደንባራ! ማን አጥፊ አለሽ? አስነሺና ብቻሽን አንድ ዙር በረሽ ነይ!»