ከቀረጥ ነጻ

በዚያ ዘመን ከቀረጥ ነጻ የኤሌክትሪክ መኪና የሚፈቀደው መራመድ የተሳነው አዛውንት ለሚያመላልስ ሰው ብቻ ነበር። ምንተስኖት በእናቱ ስም አንድ አወጣ። መኪናው የሚነሳው እናቱ በየማለዳው የጣት አሻራዋን ስትሰጥ ነው፤ እሱ ግን ጣቷን አስነክቶ እሷን ቤት ትቶ ብቻውን ይሄዳል። እህቷ የተቀበረች ዕለት እንኳ ሥራ አለብኝ ብሎ ጥሏት ሄዷል።

አንድ ቀን የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ቤታቸው መጣ።

«እማማ፣ ልጅዎ በመኪናው ይወስድዎታል?»

ምንተስኖት ክው አለ።

«ኧረ የት ያልወሰደኝ! ጠበል ብል፣ ቤተ ክርስቲያን ብል... እህቴንም የቀበርኳት በዚሁ መኪና ሄጄ ነው» አለች እናቱ።

ተቆጣጣሪው ፈርሞ ወጣ። ምንተስኖት ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«እማዬ... ነገ የት ልውሰድሽ?»

«እህቴ መቃብር» አለችው። «ዋሽቼባታለሁና ይቅርታ ልጠይቃት።»