በር ነው የመታኝ

«ማን መታሽ?»

«በር ነው የመታኝ ጋሼ...»

«ማን መታሽ ነው ያልኩሽ!»

«በር! በር አልኩህ እኮ!»

ታላቅ ወንድሟ አናጢ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲሠራ ነው የኖረው።

በር ሰውን ከላይ ወደ ታች እንደማይመታ ያውቃል...

የእህቱ ግንባር ግን ከፀጉሯ ሥር ጀምሮ ወደ ታች አብጧል። ሻሿን ወደ ፊት ስባ ልትሸፍነው ሞክራለች። አልሸፈነላትም።

«ባለፈው ወር ትከሻሽ ጠቁሮ ነበር። እሱንም በር ነው የመታው?»

«አዎ።»

«ያው በር?»

«ያው በር...»

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ሁሉ «በር ነው» እንደምትልም ሰምቷል።

ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

«ልብስሽን ሰብስቢ። ከዚህ ቤት ወጥተሻል።»

ይሄኔ ባልየው ከጓዳ ወጣ።

ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የሞተ ፍሪጅ ስለሚያስነሳ ሰፈርተኛው «ሐኪሙ» ይለዋል። ደንበኛ ከደወለለት ምሳውን ጥሎ ይሮጣል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? ቁጭ ይበሉ እንጂ...»

አናጢው ኮሌታውን አነቀው።

«በእህቴ ላይ እጅህን ታነሳለህ?»

«እኔ?! ኧረ በእናቴ! ጣቴን አሳርፌባት አላውቅም!»

«ዝም በል! አንድ ቃል እንዳትተነፍስ!»

እህት መሃላቸው ገባች። እያለቀሰች «ልቀቀው ጋሼ፣ አልነካኝም» አለችው።

ባለቀሰች ቁጥር ግን ወንድምየው ይበልጥ እርግጠኛ ሆነ...

ሻንጣዋን ራሱ አንጠለጠለ። የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ ነጠቀ። ወደ ግቢው ወጣ።

መኪናዋ ትልቅ ናት፤ የኋላ በሯ ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። እህቱ የሰፋቻቸውን መጋረጃዎች ለደንበኞች የምታደርሰው በእሷ ነው።

«ጋሼ ቆይ! እንጨቱን ሳታስደግፍ እንዳትከፍተው!»

የምን እንጨት? ደሙ ፈልቷል፣ ማን ይሰማታል...

በሩን ወደ ላይ ገፋው። ሻንጣውን ሊያስገባ ጎንበስ አለ...

ጓ!!!

በሩ ከነክብደቱ ግንባሩ ላይ ወረደ።

ተንበረከከ። ዓይኑ ጨለመበት። ግንባሩን ሲዳስስ ከፀጉሩ ሥር ጀምሮ ማበጥ ጀምሯል።

ቀና ብሎ እህቱን አያት። የእሷም እብጠት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው በሩ...»

ባልየው እፎይ አለ። እንዲያውም ሳቀ።

«አላልኩዎትም ጋሼ? ተመስገን፣ እውነቱ ወጣ!»

አናጢው አልሳቀም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚወድቀው?»

«አራት ወሩ» አለች እህት። «ደግፈው የሚይዙት ሁለቱ ሾኮች ደክመዋል። በመወልወያ እንጨት ነው የማቆመው። እንጨቱ የተንሸራተተ ቀን...»

«ለባልሽ ነግረሽዋል?»

ባሏን ሰረቅ አድርጋ አየችው።

«ነግረሽዋል ወይ?»

«መጀመሪያ ስነግረው 'ነገ' አለኝ። ደግሜ ስነግረው 'አንቺ ዕቃ አያያዝ አትችይም፣ ቀስ ብለሽ ክፈቺው' አለኝ። ትከሻዬን ሲመታኝ 'አታካብጂ' አለኝ። ከዚያ በኋላ መናገሩን ተውኩት።»

«ታዲያ ለእኔ የመኪናው በር ነው አትይኝም ነበር?»

«ብልህማ 'ባልሽስ ለምን አይሠራውም?' ትለኛለህ... ምን ብዬ ልመልስልህ?»

የባልየው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

አናጢው ግንባሩን ይዞ ተነሣ።

«ስለ ኮሌታህ ይቅርታ። እጅህ አልመታትም... 'ነገ'ህ ነው የመታት።»

ባልየው ወዲያው ወጣ። አዲስ ጥንድ ሾክ ገዝቶ ተመለሰ።

እሱ በሩን በሁለት እጁ ወደ ላይ ደግፎ ያዘ። አናጢው በጠፍጣፋ ካቻቢቴ የአሮጌውን ሾክ መያዣ ሽቦ ፈልቀቅ አድርጎ ነቀለው። አዲሱን በቦታው ገፋው... ቀጭ! ወደ ሌላኛው ጎን ዞረ።

የባልየው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይከብዳል...» አለ በቀስታ።

አናጢው ቀና ሳይል ሥራውን ቀጠለ።

ሃያ ደቂቃ። አራት ወር ሙሉ «ነገ» የተባለው ሥራ ሃያ ደቂቃ ነው የወሰደው!

በሩ ያለ እንጨት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ነይ እይው! ጨረስን!»

መጣች። የመጋረጃ ጥቅሏን አንስታ አስገባች... በአንድ እጇ።

ሌላኛው እጇ ወደ ላይ ተዘርግቶ በሩን ይዟል።

«ልቀቂው እንጂ፣ ከእንግዲህ አይወድቅም» አላት ባሏ።

«አውቃለሁ» አለችው።

እጇን ግን አላወረደችውም።

ባልየው ያለቀሰው ያኔ ነው...

ያን ቀን ከወንድሟ ጋር አልሄደችም። ሻንጣዋን ግን እስከ ሳምንቱ አልፈታችውም።

ወዳጆቼ... ወንድምየው መጠየቁ ጥፋት አይደለም። እህታችሁ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ጠይቁ፣ ዝም አትበሉ።

ግን ሰው የሚጎዳው በዱላ ብቻ አይደለም። «አታካብጂ» ብለን ዝም ያሰኘነው ሰው መጎዳቱን አላቆመም... መናገሩን ነው ያቆመው።

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... የቤታችሁ ሰው አንዴም ሁለቴም ነግሯችሁ፣ እናንተ «ነገ» ያላችሁት፣ እሱም መናገሩን የተወው ነገር ምንድን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ተነሡና ሂዱ፣ እሱኑ ጠይቁት።