ቅርጫ በሁዳዴ

ኢንሱሊን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ከምድር ጠፉ፤ መድኃኒቱም እንደ ድሮው ከበሬ ቆሽት ይወጣ ጀመር። በሁዳዴ ግን በሬ የሚያርድ የለም። ስንዱ የባሏ የጋሻው መድኃኒት የሦስት ቀን ብቻ ሲቀር፣ በሬ ብቻዋን መግዛት ስለማትችል ቅርጫ የሚገባላት ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረች። የመጨረሻዋ ጎረቤቷ እትዬ በላይነሽ ሽሮ እያማሰሉ ሰሟት።

«ለፋሲካ ሁለት መደብ እገባልሻለሁ፣ ልጄ።»

«ፋሲካ እኮ አርባ ቀን ይቀረዋል!»

«ታዲያ በጾም ሥጋ ልብላ?»

«አይብሉት፤ ለውሻ ይስጡት።»

«እኔ ጾሜን ውዬ ለውሻ ቅርጫ ልግባለት?» ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ጋሻው እንደ ልጄ ነው። በጸሎቴ አስበዋለሁ።»

«ተዝካሩንም እንዳይረሱ» አለች ስንዱ፤ ወጥታም በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።