ላላ አድርገህ ያዝ

ሰዓት ሠሪው ወንበሩ ላይ አልቀመጥ አለ። ቆሞ ግራ እጁን ለወጌሻዋ ዘረጋላት፤ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነበር።

«በዚህ እጅ ስትመጣ ይሄ ሦስተኛህ ነው» አለችው።

የቀለበት ጣቱ መገጣጠሚያ አብጧል። ትንሿ ጣቱ ጠዋት ጠዋት ተቆልምማ ትቀራለች። ትናንት የደንበኛ ሰዓት ከእጁ ወድቆ ተበትኗል።

«እንዲህ ከቀጠልክ ሙያህን ትሰናበታለህ። ጎልፉን ለስድስት ሳምንት ተወው።»

«ቅዳሜ ውድድር አለ።»

«ሥራህ ይሻልሃል ወይስ ውድድሩ?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ሁለት ደቂቃ ይዘገያል አላት።

እጁን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ከዚያ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ አነሳች። አምስቱም ላይ ላስቲክ አጥልቃ እንዲከፍትና እንዲዘጋ አዘዘችው። የጎልፍ ዱላ አጥብቆ የሚይዝ ሰው መዳፉ ይሻክራል፤ የሱ ግን ለስላሳ ነው። መሀሉ ላይ አራት ትንንሽ ክብ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ጠጠር ጨብጦ የዋለ ይመስላል። እጀታው የማይረባ ቢሆን ነው ብላ አሰበች።

«ሙሉ ጉልበትህ አሥር ከሆነ፣ በሦስቱ ያዝ። ላላ!»

«ከላላ ይንሸራተታል።»

«ቢንሸራተትስ? ዱላ ወድቆ ማን ሞተ?»

አልሳቀም።

«እሺ፣ እጀታው ላይ ጨርቅ ጠምጥምና አወፍረው። ጣት የሚጎዳው ቀጭኑ ነው።»

«ኧረ ወፍሮብኛል» አለና ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

ነገሩ ወጌሻዋን አላስቀምጥ አላት። እንዲህ ዓይነቶቹን ታውቃቸዋለች፤ ለአንዲት ዋንጫ ብለው እጃቸውን የሚገብሩ፣ ሲነግሯቸው ጆሮ ዳባ ልበስ የሚሉ። ሌላ በሽተኛ እያሸችም የምታስበው እሱን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እጅ ከፍንጅ ልትይዘው ወደ ጎልፍ ሜዳው ሄደች።

«ሰዓት ሠሪው መጥቷል?» አለችው ዘበኛውን።

«እሱማ መቼ ይቀራል!»

«ጎበዝ ነው?»

ዘበኛው ሳቀ። «ኳሷ ሃያ እርምጃ ከሄደችለት እኮ ሜዳውን በጩኸት ነው የሚያቀልጠው።»

ለሃያ እርምጃ! ንዴቷ ባሰባት። በሣሩ ላይ እየተቻኮለች አቋረጠች።

ከሩቅ አየችው። ጀርባውን ሰጥቶ ተንበርክኳል። ተንበርክኮ የሚመታ ሰው አይታ አታውቅም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይሄኔ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨብጦ ይሆናል።

«አንተ ሰውዬ! ምን ብዬህ ነበር?» እያለች ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች።

ሰዓት ሠሪው የጨበጠው ዱላውን አልነበረም፤ ዱላው ላይ የተጋደሙትን፣ ከተወለደች ጀምሮ አልታጠፍ ያሏትን የትንሿን ልጁን ጣቶች ነበር።